ሦስት ፍሎፒ በግንቦት ልደታ

ግንቦት አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት የኮምፒውተር ፍሎፒዎች በሦስት ሰዎች ተይዘው ልደታ ካለው የጋዜጣችን ቢሮ ወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብነት ካለው ሁለተኛው ቢሮአችን የደረሰው አንዱ ብቻ ነበር። እሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞባይል የያዘ ሰው መንገድ ላይ ዞረው የሚያዩት ዘመን ነበር። እዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ በቦታው የነበሩትን ጠይቄ ነው።

ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበርን። ሁለት ቢሮ የነበረን ሀብታም ሆነን ሳይሆን አንዱ ቢሮ ሁላችንንም ስለማይችለን ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቶቹ አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ዋና አዘጋጁ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢው፣ እኔ እና አንድ ስካነር ነበርን። ስካነሩን ከሰው ጋር የቆጠርኩት የአንድ ሰው ቦታ ይዞ ስለነበር ነው። አብነት ደግሞ፣ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት ጀርባ፣ ገጽ አቀናባሪዋ ትልቁን ኮምፒውተር ይዛ ትሠራለች። ኮምፒውተሩ የራሷ ነው፤ ክፍሏም የእናቷ ሰርቪስ ቤት ናት። ልደታ ነይ ብንላት ኮምፒውተሩም ክፍሉም ይቀሩብናል። ስለዚህ እሷ አብነት ቀረች፤ ጽሑፍና ፎቶ ወደ እሷ መጓዝ ነበረበት።

መንገዱ ሩቅ አይደለም። በእግሩ የተነሳ ሰው ታክሲ ከሚጠብቀው ቀድሞ ይደርሳል። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ዜናው መንገድ ላይ መፍሰሱ ነበር።

በመጀመሪያ የሞከርነው ኢንተርኔት ቤት ነው። ማስታወቂያ ሰብሳቢው ፋይሉን በኢሜይል ልኮ ወጣ፤ ፋይሉ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ፣ በግልጽ ቀረ። ከእሱ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የሌላ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበር። ዜናችን በእነሱ ጋዜጣ ከእኛ ቀድሞ ወጣ። ሪፖርተሩ በኋላ ራሱ ነገረኝ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን አነበው ነበር።

ቀጥሎ ስልክ ሞከርን። አብነት ቢሮ ስልክ የለውም፤ ያለው አጥሩ ሥር ካለው ሱቅ ነው። ጋሼ (ዋና አዘጋጃችንን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ልደታ ሆነው ዜናውን ያነባሉ፤ ባለ ሱቁ ይሰማና በአጥሩ ላይ ለአቀናባሪዋ ይጮህላታል፤ እሷ ትተይባለች። ባለ ሱቁ ድምፁ ጥሩ ነበር። ስኳር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ገዝተው አይሄዱም፤ ቆመው ዜናውን ይጨርሳሉ። አንዳንዱም «ትናንት የጀመርከው የመሬቱ ነገር ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር አሉ። ያ ዜና ሲታተም አብነት ውስጥ ጋዜጣችንን የገዛ ሰው አልተገኘም።

ጋሼ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ከጋዜጣው በፊት ለረጅም ዓመታት ሒሳብ አስተምረዋል። ሻይ ቤት ሲገቡ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ከስልኩ በኋላ ለምስጢር ጥበቃ በጀት ያስፈልጋል ብለው ወሰኑ። የጋዜጣው ባለቤትም እሳቸው ስለነበሩ ጥያቄውን ያቀረቡት ለራሳቸው ነው፤ መልሱም እዚያው መጣ። የለም።

ያለ በጀት የተገኘው መፍትሔ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው የሰጣቸው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አንድን ፋይል ይጨምቅና ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ፍሎፒ ላይ ይሰፍራል። ቁራጮቹ ሁሉ ካልተገናኙ አንዱም አይከፈትም። ጋሼ ሰብስበው አስረዱን።

«አንዱን ፍሎፒ ሌባ ቢያገኘው ምን ያገኛል? ምንም።»

«ሁለቱን ቢያገኝስ?» አለ ማስታወቂያ ሰብሳቢው።

«ሁለት ምንም።»

«እኛ ሁለቱን ብቻ ብናገኝስ ጋሼ?»

ይህን ጥያቄ አልወደዱትም።

ደንብ አወጡ። ፍሎፒዎቹን ሦስት ሰው በሦስት መንገድ ይወስዳል። አንዱ የሌላውን መንገድ አይጠይቅም። አንዱ ቢዘገይ ሌላው አይፈልገውም፤ የሚፈልግ ሰው ያስነቃል። ማንም በመንገዱ ላይ ሰው የሚጠረጥረውን ነገር አያደርግም። ፍሎፒዎቹ ላይም የሐሰት ስም ይጻፋል። ይህን ሁሉ የምንይዘው በቃላችን ነው፤ የተጻፈ ነገር ይገኛል ብለው ይሰጋሉ።

ለአሠራሩ እውነተኛ ምስጢር የደረሰው በዚያ ግንቦት ነው።

አንድ የዱቄት አከፋፋይ ድርጅት ነቀዝ የገባበትን ዱቄት ከአዲሱ ጋር እየቀላቀለ ለዳቦ ቤቶች ይሸጣል የሚል ወሬ ሰማሁ። ወሬውን ዜና ያደረገው የድርጅቱ ስቶር ኪፐር ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው። ዱቄቱን እያየ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረኝ። የሚናገረውን ሁሉ በሌላ መንገድ አጣራሁ፤ ልክ ነበር። ማስረጃ የሚሆን ፎቶ እንድናነሳ እሑድ ቀን መጋዘኑን ሊከፍትልን ተስማማ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ። ከታወቀ በዚያው ቀን ከሥራ ይወጣል፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱ አራት ልጆች አሉት፤ ሌላ ሥራ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ቃል ገባሁለት። ጋሼም ሰውዬውን ሳያዩት፣ ስሙንም ሳይሰሙ፣ በእኔ በኩል ቃል ገቡለት።

እሑድ ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር ስንደርስ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ጠበቀን።

«ፊትህ እኮ አይታይም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሱፉ ለምንድነው?»

«ጋዜጣ ላይ ነው የምወጣው። በቱታ ልውጣ?»

የተከፈተ ጆንያ አጠገብ ቆመ፤ ነቀዙ የሚታይበትን ዱቄት በሁለት እጁ ዘግኖ ወደ ካሜራው ዘረጋ። ሲጨርስ ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ወስዶ ጥቂት አነጋገረው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ፊት መሸፈን የሚችለው ፕሮግራም ያለው አብነት ብቻ ነው። ስካነሩ ያለው ደግሞ ልደታ። ጽሑፉን አቀናባሪዋ ቀደም ብላ ጨርሳለች። ስለዚህ የቀረው ፎቶው ነው፤ እሱም የሰውዬው ፊት እንዳለ ከልደታ አብነት መጓዝ ነበረበት። ስካን አድርጌ እንደጨረስኩ ጋሼ የታጠበውን ፎቶ ከነፊልሙ አስቃጠሉኝ።

ቀኑ ግንቦት ልደታ ላይ ዋለ። እኔ ቀኑ ሊያስቸግረን ይችላል አልኩ። ጋሼ ግን ጥሩ ነው አሉ።

«በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ማን ይከተለናል?»

የእኔ ፍሎፒ ላይ «የእድር መተዳደሪያ ደንብ» ብለው ጻፉ። የገንዘብ ያዧ ላይ «የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር»። የማስታወቂያ ሰብሳቢው ላይ ብዙ አሰቡና «ባዶ» ብለው ጻፉ። ባዶ ነገር የሚሰርቅ የለም፤ በዚህ ስም በጣም ረክተው ነበር።

እኔ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ታክሲ አያልፍም፤ ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች አስፋልቱን ይዘውታል። ሰው እየገፋኝ፣ እኔም ይቅርታ እያልኩ፣ አብነት ደረስኩ። አቀናባሪዋ ፍሎፒውን ተቀብላ አስገባችው። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሁለተኛውን አስገቡ የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«ሁለተኛው የት አለ?» አለችኝ።

«አላውቅም። ማወቅም አይፈቀድልኝም።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱንም።»

«አንተ ራስህ በየት በኩል እንደመጣህ ታውቃለህ ወይስ እሱም ምስጢር ነው?»

ተቀመጥን። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን አስገቡ ይላል። ገጹ ማተሚያ ቤት መድረስ ያለበት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካለፈ ተራው ለሌላ ጋዜጣ ይሰጣል፤ ዱቄቱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይበላል። ሄደን እንዳንፈልግ ደንቡ ይከለክላል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ማስታወቂያ ሰብሳቢው እያፏጨ ገባ። ታክሲው በተክለሃይማኖት በኩል ሲዞር መንገድ እንደተዘጋበት ነገረን። ፍሎፒውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ፣ እንደ ሽልማት፣ ለአቀናባሪዋ ሰጣት። አስገባችው። ኮምፒውተሩ ይህ ሁለተኛው አይደለም አለ። ውስጡን ከፈተችው። አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«'አመልካች፣ ሚስት። ተጠሪ፣ ባል። የቀረበው የፍቺ አቤቱታ ነው። ተጠሪ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ቴሌቪዥኑን ለብቻቸው ሲቆጣጠሩ ኖረዋል።'» ቀና አለች። «ይሄን ዱቄቱ ውስጥ ላስገባው ወይስ ለብቻው ገጽ ልስጠው?»

ማስታወቂያ ሰብሳቢው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጀለሶች፣ አትናደዱ። መጀመሪያ ስሙኝ።»

ሰማነው። ከቢሮ እንደወጣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጽሕፈት ቤት ገብቶ ነበር፤ ማስታወቂያ የሚሰጠው ሰው እዚያ ቀጥሮታል። ደብተሩንና ፍሎፒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከሰውዬው ጋር ደጅ ቆሞ አወራ። ሲመለስ ጸሐፊዋ «የእኔ ሞልቶብኝ ባዶዋን ተጠቅሜባታለሁ፣ ተባረክ» ብላ መለሰችለት።

«ባዶዋን ተጠቅሜባታለሁ ስትልህ ምን ያደረገች መሰለህ?» አለችው አቀናባሪዋ።

«ሙቀት ነበር። ማራገቢያ ያደረገችው መስሎኝ።»

ስለ ራሳችን ምስጢር ስንጨነቅ የማናውቃት ሴትዮ ምስጢር እጃችን ላይ ወደቀ። አልጨረስነውም። ሁለት ገጽ ካነበብን በኋላ ዘጋነው።

ወደ ሱቁ ሄጄ ልደታ ደወልኩ። የስልኩ ገመድ አጭር ስለሆነ ባለ ሱቁ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ መነጋገሪያውን ያዘልኝ።

«ጋሼ፣ አንዱ ደርሷል።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ ተደምስሷል። ገንዘብ ያዧ ደግሞ አልመጡም።»

«ባለ ሱቁ አጠገብህ ነው?»

«ስልኩን የያዘልኝ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ምንም አትናገር።»

«እንደገና ይቅዱልን ነው የምለው ጋሼ።»

«መብራት ሄዷል።»

ባለ ሱቁ ወደ አጥሩ ዞሮ «ልደታ መብራት ሄዷል!» ብሎ ለአቀናባሪዋ ጮኸላት። ማንም አላዘዘውም፤ የለመደው ሥራ ነው።

ጋሼ የራሳቸውን ደንብ ሻሩ። «ሂድና ፈልጋት» አሉኝ። ገንዘብ ያዧ ቢገኙም ፋይሉ እንደማይከፈት ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም የሰው ፊት አንድ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ትቶ መግባት አልሆነልንም።

ገንዘብ ያዧ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ እንደሚመጡ ገምቼ ወደዚያ ገባሁ። ግንቦት ልደታ በዚያ ሰፈር ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ መንገደኛም ሳይቀምስ አያልፍም። ሦስት ቦታ ቀምሼ አለፍኩ። አራተኛው ሸራ የተወጠረበት ነበር፤ ገንዘብ ያዧ ከሸራው ሥር፣ ቦርሳቸውን ጉያቸው ውስጥ አድርገው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ዝም በል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሥራዬ ላይ ነኝ።»

«አብነት እየጠበቅንዎት እኮ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።»

«ጋሼ 'ሰው የሚጠረጥረውን ነገር እንዳታደርጊ' አላሉም? ግንቦት ልደታ ዕለት 'ነይ ቅመሺ' ሲሉኝ ጥዬ ብሄድ አይጠረጥሩኝም? ይቺ ሴትዮ ምን ይዛ ነው የምትሮጠው አይሉም?»

ደንቡን ከሁላችንም በትክክል የጠበቁት እሳቸው ነበሩ።

«እሺ፣ ተነሱ እንሂድ» ልል ስል አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ሳቡኝ።

«ቁጭ በል! ልደታን ቆመህ ልታልፋት ነው? ሰው አይደለህም?»

ቁጭ አልኩ። ንፍሮ በእፍኜ ሞሉልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሲዞር አየሁ፤ አንዱ ያየዋል፣ እጁን በሱሪው ይጠርግና ለቀጣዩ ያቀብላል። አሮጊቷ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ አስጠጉት።

«እይ፣ የእኛ ሰው ነው። ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ፊቱ ግን አይታይም፤ ምስጢር ነው።»

ፎቶው ነበር። ሦስት ቦታ የቆረጥነው፣ በሦስት መንገድ የላክነው ፎቶ፤ በጥሩ ወረቀት ታጥቦ፣ ጥግ ጥጉ በጣት ረጥቦ። ከሸራው ማዶ ስቶር ኪፐሩ፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተቀምጧል። የሥራ ቦታውን እንጂ ሰፈሩን አላውቅም ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ጋዜጠኛው! እንኳን አደረሰህ! ይሄ ነው ያልኳችሁ!»

ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«ይሄን ፎቶ ከየት አመጣኸው?»

«ከፎቶ አንሺው። አንድ ለእኔ እጠብልኝ ብዬው ነበር። በገንዘቤ ነው።»

«ለማን ለማን ነው የነገርከው?»

«ለማንም! ምን አልክ? ለጎረቤት ብቻ ነው።»

«ምስጢር ይሁን ያልከኝ አንተ እኮ ነህ።»

«ምስጢር ነው። ለማንም እንዳትናገሩ ብያቸዋለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ እነዚህ እድርተኞቼ ናቸው። ነገ ጋዜጣ ላይ ወጥቼ በኋላ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ደበቀን አይሉም? ተቀይመውኝ ብሞት ማን ይቀብረኛል? አንተ ትመጣለህ?»

እመጣለሁ አልኩት። እንደማልበቃ ፊቱ ላይ አነበብኩ።

ፎቶው አሁን አንድ ባለ ኮፍያ ሰው እጅ ላይ ነበር፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በደንብ ያየዋል።

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«እሱ እኮ ባልደረባዬ ነው። የሥራ አስኪያጃችን ሾፌር።»

በአፌ የነበረውን ንፍሮ ሳላኝክ ዋጥኩ። ወደ ሾፌሩ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልለምነው፣ ላስፈራራው ወይስ ዝም ልበል ገና አልወሰንኩም። እሱ ቀደመኝ።

«ምን ልትለኝ እንደፈለግህ አውቃለሁ» አለኝ ፎቶውን ሳይለቅ። «እኔ ሥራዬ መንዳት ነው። ጌታዬ ከኋላ ተቀምጠው የሚያወሩትንም አልሰማም፤ እዚህ የሚወራውንም አልሰማም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ፊቱን ብትሸፍኑት ዋጋ የለውም።»

«ለምን?»

«ይሄን ኮት የማያውቅ ማን አለ? ለሠርግ እሱ፣ ለለቅሶ እሱ። ለዓመት በዓል መሥሪያ ቤት ለብሶት ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ 'ሙሽራው መጣ' ነው የሚሉት። ከረባቱን ራሱ ያውቁታል።»

ስቶር ኪፐሩ ኮቱን ቁልቁል አየው። መጀመሪያ የፈራ የመሰለኝ ያኔ ነው።

አሮጊቷ ነገሩን ሰምተው ኖሮ በዱላቸው መሬቱን መቱት።

«በሉ! ዛሬ ልደታ ናት። ይሄን ነገር ከዚህ ሸራ ያወጣ፣ ይቺው የዛሬዋ ልደታ ትፋረደው። በሉ ማሉ!»

ማሉ፤ ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ማለ። የቤት በር ሲዘጋ እንኳ የማይቆለፍበት፣ መሐላ ግን የሚፈራበት ሰፈር ነው። ገንዘብ ያዧም ማሉ፤ እኔም እጅህን ዘርጋ ሲሉኝ ዘረጋሁ።

ከዚያ ስቶር ኪፐሩን ፎቶውን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ፋይሉ አልተከፈተም፣ ሌላ ፎቶ የለንም፤ ማተሚያ ቤቱ ግን የታጠበ ፎቶ ካገኘ ራሱ ፊልም አንስቶ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። ለዚያ ግን ሰውዬው ከፎቶው መቆረጥ አለበት።

«ይቆረጥ?» አለ። «የእኔ ፎቶ?»

«ልጆችህን አስብ።»

«ልጆቼ እኮ ናቸው ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን ያሉት።» ፎቶውን ከሾፌሩ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እሺ። ግን ስትቆርጡ እዚያው ቆሜ አያለሁ።»

ሦስት ሆነን ወደ አብነት ሄድን። ገንዘብ ያዧ በአንድ እጃቸው ቦርሳቸውን፣ በሌላው በፌስታል የታሰረ ንፍሮ ይዘዋል። የእሳቸው ፍሎፒ አንድም ጉዳት አልደረሰበትም። በደህና ተጉዞ፣ ለምንም ሳይጠቅም ደረሰ።

አቀናባሪዋ ፎቶውን አየችው፤ ሰውዬውን አየችው፤ መቀስ ከመሳቢያ አወጣች።

«ጆሮዬን ተጠንቀቂልኝ» አላት ስቶር ኪፐሩ።

«ጆሮህ ጋዜጣ ላይ አይወጣም እኮ።»

«ቤቴ ይወጣል። ቁራጩን ካርቶን ላይ እለጥፈዋለሁ።»

ቀስ ብላ ቆረጠች። ጭንቅላቱ ሄደ፤ ትከሻውና ከረባቱ ሄዱ። ክንዱ ላይ ስትደርስ የኮቱ እጅጌ ቁልፎች እንደሚታዩ አስተዋለችና እጅጌውንም ቆረጠችው። ጆንያዎቹ፣ ሁለት እጆችና በእጆቹ ላይ ያለው ዱቄት ብቻ ቀሩ። ነቀዙ በደንብ ይታያል።

በዚህ መሃል ጋሼ በእግራቸው መጥተው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ሰው ማነው?»

«ፎቶው ነው» አለች አቀናባሪዋ ከመቀሱ ቀና ሳትል።

ጋሼ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አላየሁትም። ስሙን እንዳትነግሩኝ።»

«ሰላም ልበላቸው ብዬ ነበር» አለ ስቶር ኪፐሩ።

«ሰላምታህ ደርሶኛል» አሉ ጋሼ ለግድግዳው።

ገንዘብ ያዧ ፌስታሉን ፈትተው ንፍሮ አደሉ። ጋሼ ድርሻቸውን እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ተቀበሉ። እንዲህ እንደቆሙ ገጹ ተዘጋጀ፤ ማስታወቂያ ሰብሳቢው ገጹንና የተቆረጠውን ፎቶ በፖስታ ይዞ፣ ማንም ጋ እንዳይቆም አምስታችንም አስጠንቅቀነው፣ ማተሚያ ቤት ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። የሴትዮዋን የፍቺ አቤቱታም በማግሥቱ ለጸሐፊዋ መለሰላት።

ጋዜጣው ወጣ። ዳቦ ቤቶች ጆንያ መመለስ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ዱቄቱን ከመጋዘን አስወጥተው አስጣሉ፤ ይህን ሄጄ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት ከስቶር ኪፐሩ ነው፤ ሾፌሩንም ለብቻው ጠይቄ ቃላቸው አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ እጆቹ የማን እንደሆኑ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። መጋዘኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ስለተባለ ስቶር ኪፐሩ የኮሚቴው ፀሐፊ ሆነ። ኮሚቴው ሠራተኛውን አንድ በአንድ እየጠራ እጁን ዘርግቶ እንዲያሳይ አደረገ። ሾፌሩም ተጠርቶ እጁን አሳየ፤ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ተጠየቀ፤ የለኝም አለ። የፀሐፊውን እጅ ለማየት የጠየቀ አልነበረም። ኮሚቴው በመጨረሻ የእጆቹን ባለቤት ማወቅ አልተቻለም ብሎ ደመደመ። ሥራ አስኪያጁም ተቀበሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስቶር ኪፐሩ መጋዘኑን ከፈተ።